ሳሬና ንጹሕ አማርኛ

ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ ከገባ ሃያ ዓመት አለፈው። እዚያ የከረመው የአገር ልጅ ሁሉ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እየበረዘ ቅራሪ ሲያደርገው እሱ ግን ፍንክች አላለም። ሌላው «ዊንተር ሳይገባ ጃኬት ልግዛ» ሲል እሱ «ክረምት ሳይገባ ካፖርት ልግዛ» ይላል። ካፖርትም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል መሆኑን አልነገርኩትም፤ ሰው የሚኮራበትን ነገር አይነኩበትም። ደግሞም እኔ ራሴ እኮራበት ነበር። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጠመኔ ስምግ ኖሬ፣ በስልክ ከወንድሜ ጋር ባወራሁ ቁጥር «ቢያንስ አንድ ሰው ሰምቶኝ ነበር» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ያ ንጹሕ አማርኛው ሳሬን ፈጀው። እንደ ሰው ጉራማይሌ ቢያወራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

«ሳሬ» ስል የምትስቁ ትኖራላችሁ። የምኖረው ገሳይ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስትሄዱ፣ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ዳር። የነፋሱ መውጫ እዚያ ይሁን እንጂ መግቢያው የእኔ አጥር ነው። ከላያችን ጉና አለ፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ተቆልሎ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚሰድ ተራራ። እንዲህ ባለ አገር ሳር ማለት ከብት የሚበላው፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለእረኛ ገሳ የሚሆን፣ በዓል ሲደርስ የሚጎዘጎዝ ነገር ነው። ለማየት ብቻ የሚተከል ሳር ግን ለእኛ እንግዳ ነው፤ ስም እንኳ አላወጣንለትም። «ሜዳ» ብትሉት ልጆች ኳስ ይዘው ይመጣሉ። «መስክ» ብትሉት ከብት ይመጣል። እኔ «ሳሬ» እያልኩ መጥራት ጀመርኩ፤ ባለቤቴ «ሳርህ» ትለዋለች፣ ያቺን «ህ» ጠንከር አድርጋ።

ነገሩ የተጀመረው ልጄን ልጠይቅ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ነው። በኮሪደር ልማት የታደሰውን መንገድ ይዤ ስሄድ ግራና ቀኙ ሳር ተነጥፏል። ተከርክሟል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ሲመሽ መብራት ይበራለታል። ደክሞኝ ነበርና ከዳር አረፍ ልበል ብዬ እግሬን ሳሳርፍ ፉጨት ሰማሁ። አንድ ወጣት ጥበቃ ነው። «አባት፣ ሳሩ አይረገጥም!»

ስልሳ ዓመት ሳር እየረገጥኩ ኖሬ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። መናደድ ሲገባኝ ቀናሁ። የማይረገጥ ሳር! ለእኔ ለራሴ እንኳ እንዲህ ያለ ጠባቂ ተመድቦልኝ አያውቅም። ገሳይ ስመለስ ሐምሌ ነበር፤ ከወንዝ ዳር ሰርዶ ነቅዬ በማዳበሪያ ከረጢት አመጣሁና ከበረንዳዬ ፊት 6 በ8 ሜትር በሆነች ቦታ ሥሩን እየቆራረጥኩ በገመድ መስመር ተከልኩት። ሰርዶ አትክልተኛ አይፈልግም፤ ተክላችሁት ባትዞሩ እሱ ዞሮ ያያችኋል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ሰርዶን ትበላው ነበር እንጂ አታውቀውም። እሷ ብትሞት መጀመሪያ የሚበቅለው እሷው ላይ ነው።

ከሰርዶው ጋር ወፈር ያለ ቅጠል ያለው ሌላ ሳርም ተደባልቆ መጥቷል። ፎቶውን ለወንድሜ ስልክለት «ይሄማ ኪኩዩ ይመስላል» አለኝ። ፈረንጆች በኬንያ ሕዝብ ስም የሰየሙት፣ ትውልዱ ግን የእኛን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የሆነ ሳር ነው። ከዚህ ተነሥቶ አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ድረስ ዘልቋል። እዚያ አንዱ ገዝቶ ይተክለዋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ አረም ነው ብሎ መድኃኒት ይረጨዋል። ስደተኛ ሁሉ ዕጣው አንድ ነው መሰለኝ።

ወንድሜ ሳር ሲነሣ ቀልድ አያውቅም። በሚኖርበት ከተማ ሳር ከተፈቀደለት ቁመት ካለፈ ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ይልካል፤ ባለቤቱ ዝም ካለ ያሳጭድና ሂሳቡን ይልክለታል። እኛ ጋ ሳር ቢረዝም ጎረቤት ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ሸክሙን ተሸክሞ አመስግኖ ይሄዳል። ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። አገሩ የናፈቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ሳር ዋናው ነገር ክረምት ሳይገባ ማዘጋጀት ነው» ብሎ ይጀምራል።

ልብ በሉ፤ ጥቅምት ነው። የእኛ ክረምት ከወጣ ገና ወሩ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የሚቀጥለው ስምንት ወር ይቀረዋል። ለባለቤቴ «አየሽ ይህን ልጅ? አሜሪካ አርቆ ማሰብን አስተማረችው፤ ከስምንት ወር በፊት ይዘጋጃል» አልኳት። «ጣራውንም እንደ እሱ አስቀድመህ ብታስበው» አለችኝ። ነገሩን ወደ ጣራ መውሰድ ልማዷ ነው።

መልእክቱን ደጋግሜ አዳመጥኩና በደብተር ገለበጥኩት፤ እንደ ትምህርት ዕቅድ ዓላማ፣ ተግባር፣ ጊዜ ብዬ በሠንጠረዥ። የሚለው ሁሉ ልክ ነበር። በረዶ ይመጣል ይላል፤ እውነት ነው፣ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ሳሩ ረጅም ሆኖ በረዶ ከተኛበት ሻጋታ ያወጣልና ከመሬት አምስት ሴንቲ አስቀርተህ እጨደው ይላል። «በረዶው አራት ወር ይተኛበታል» የሚለው ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ነበር። የእኛ በረዶ ሩብ ሰዓት ወርዶ ገብሱን አስተኝቶ ይሄዳል እንጂ አያድርም። ግን የአሜሪካ ነገር ሁሉ ትልቅ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠሩንም፣ ባዘቶ መሳዩንም በረዶ ብለን በአንድ ቃል ጠቅልለን የያዝነው እኛው ነን፤ በወንድሜ ብቻ አልፈርድም።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ገሳይ ለክረምት መሰናዳት ጀመረች። ሰው ጭዱን ያስገባል፣ ፈሰስ ያወጣል፣ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ይመታል። ባለቤቴ ሽሮና በርበሬዋን አስፈጭታ ኩበቷን ከማድቤት ጥግ ደርድራለች። እኔ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ አጨዳው። በማጭድ ሞከርኩ። ማጭድ ሳርን ጉልበቱ ላይ ይቆርጠዋል እንጂ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አይደርስም። ወንድሜ የሚያጭድበት በሞተር የሚሠራ ማሽን ነው። ታሪኩን አንብቤዋለሁ፤ የሳር ማጨጃን የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን ፈቃድ ያወጣበት በ1830 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጭገር የሚላጭ መሣሪያ አይቶ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት እዚህ ደብረ ታቦር ላይ የየጁው ራስ ማርዬ ተቀምጠው ነበር፤ የሳር ማጨጃ ያስፈለጋቸው አይመስለኝም፣ ፈረሰኛ የነበረው ሰው ሁሉ ሳሩን በነፃ ያስጨርሰው ነበርና። ከዚያ ሠላሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ቀልጦ ተሠራ። ሴባስቶፖልን ያወጣ አፈር አንድ የሳር ማሽን ይከለክለኛል ብዬ ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ብረታ ብረት ቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ የወፍጮ ሞተር ላይ የላሜራ ምላጭ ሊገጥምልኝ ቃል ገባ። ዋጋውን ሲነግረኝ በሬ የምገዛበት ሆነ። በሬ ደግሞ ያጭዳል።

በመጨረሻ የበግ ጠጉር የምንሸልትበት መቀስ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር በግ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ባና ይሆናል። በዲንግ ከሱፍ ወደ ሳር ከሄደ እኔስ ምን ይከለክለኛል? በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ አምስት ሴንቲ እየለካሁ ሦስት ቀን ሸለትኩት። ሁለተኛው ቀን ላይ ጎረቤቴ ባሻ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አወጡ። ባሻ ሰማንያ ዓመት የደፈኑ ገበሬ ናቸው፤ የሰው ሥራ ሲያዩ አስተያየት ሳይሰጡ አያልፉም። ያን ቀን ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣

«መምህር፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም ባሻ። ሳሩን እያሳጠርኩት ነው።»

«ለከብት?»

«ለክረምት።»

«ክረምቱ ምን ያደርገዋል?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ቀጥሎ ማዳበሪያ ነበር። ወንድሜ «ከክረምት በፊት የሚሰጠው ማዳበሪያ ሥሩን ያጠነክረዋል» ብሏል። በመጀመሪያ ፍግ ይሻላል ብዬ ያገኘሁትን እበት በውሃ በጥብጬ ረጨሁት። ያ እበት ኩበት ሊሆን የተጠራቀመ ነበር። ባለቤቴ በእኔ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችበትን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ይህኛው ይቆጠራል። «ነሐሴ ላይ እንጀራውን በሳርህ እጋግርልሃለሁ!» አለች። ስለዚህ ወደ ዘመናዊው ዞርኩ። ሰኔ ላይ አንድ ጣሳ ዩሪያ መለመን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ አገር ያደገ ሰው ያውቃል። ሰው ማዳበሪያ ለማግኘት ወረፋ ይዞ ያድራል። ባሻ ጋ ሄድኩ።

«ለድንቹ ነው?» አሉኝ። የጉና ሥር ድንችና ገብስ ለሁላችንም እንጀራችን ነው።

«ለሳሩ።»

«ላም ገዛህ እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«ልትገዛ ነው።»

«አይደለም ባሻ። ለማየት ነው።»

ባሻ በትራቸው ላይ ተደግፈው ወደ ተራራው አሻግረው አዩ። ከጉና ግርጌ እስከ አናቱ ማንም ያልተከለው ሳር አለ። «ለማየት» አሉ ቀስ ብለው፤ ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው የቀመሱት ይመስላል። ከዚያ ገብተው አንድ ጣሳ ዩሪያ አመጡልኝ። የሰጡኝ አምነውኝ ሳይሆን አዝነውልኝ እንደሆነ የገባኝ ጣሳውን ሲያቀብሉኝ ትከሻዬን መታ መታ ስላደረጉ ነው።

ዩሪያ በልክ ሲሆን መድኃኒት ነው፤ ተላጭቶ ፀሐይ ላይ በተሰጣ ሳር ላይ በእፍኝ ሲበተን ግን እሳት ነው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ካፊያ ብጤ ጣል አደረገ፤ ፍሬዎቹን ለማሟሟት በቂ፣ ወደ ሥር ለማውረድ የማይበቃ። በሳምንቱ ሳሬ እጄ ባረፈበት ሁሉ እየነደደ ቢጫ ሆነ። የበተንኩበትን መንገድ ቆማችሁ ማየት ትችሉ ነበር፤ እዚህ ጋ በቀኝ እጅ፣ እዚያ ጋ በግራ፣ መሐል ላይ ሳስነጥስ የደፋሁት።

ደብተሩ ላይ አንድ ተግባር ይቀር ነበር፤ መብሳት። አፈሩ በእግር ተረግጦ ስለሚጠብቅ አየር እንዲገባው መሬቱ መበሳት አለበት። ሚኒሶታ ለዚህ ማሽን ይከራያሉ። እኔ ድጅኖ አለኝ። «በየስንዝሩ» ብሏል። 6 በ8 ሜትር የሆነ መሬት በየስንዝሩ ሲበሳ ሺህ ሁለት መቶ ቀዳዳ ግድም ይወጣዋል፤ ስሌቱን የሠራሁት ሦስት መቶኛው ላይ ወገቤ እምቢ ካለኝ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቡና ይዛልኝ ወጥታ ቀዳዳዎቹን አየችና «ድንቹን መቼ ነው የምታመጣው?» አለችኝ። ከምሯ ነበር። በልቧም ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ።

የደብረ ታቦርን ክረምት ያላየ ሰው ዝናብ አይቻለሁ አይበል። አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ያን መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ የተነሡት ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ነው። በየተራራው መንገድ እየጠረጉ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ፈጀባቸው፤ በሐምሌ ጭቃ ቢነሡ ደግሞ መድፉ ዛሬም እዚሁ ሰፈራችን ተቀርቅሮ በተገኘ ነበር። እኔ ግን የእሳቸውን ያህል አላሰብኩም። ሰው ሁሉ ፈሰስ ሲያወጣ እኔ ቀዳዳ ስቆፍር ነበርኩ። በእኛ አገር ለክረምት መዘጋጀት ማለት ውሃን «እባክህ በዚህ በኩል» ማለት ነው። እኔ «እዚሁ ግባ» ብዬ ሦስት መቶ በር ከፈትኩለት።

ሐምሌ አቦ ዕለት በረዶው መጣ። ሳር ረጅም ሲሆን በረዶና ዝናብ ቅጠሉ ላይ አርፎ ነው ወደ መሬት የሚወርደው፤ የተላጨ መሬት ግን ፊቱን ይመታል። አፈሩ እየተፈናጠረ የበረንዳውን ግድግዳ እስከ መስኮቱ አቦካው። ከመንገዱ የመጣው ጎርፍ በአጥሩ ሥር ገብቶ ሜዳዬን አቋርጦ በረንዳዬን ወጣና ጫማዬን ይዞ ሄደ፤ አንዱን። ጣራው በሦስት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልወጣትም። ሳፋውን ከአንዱ፣ ድስቱን ከሁለተኛው ሥር አስቀመጠች። ለሦስተኛው ደግሞ ደብተሬን አመጣችና ሳፋው እንዳይንሻተት ከሥሩ ደገፈችበት።

ማታ ማታ ከቀዳዳዎቹ ውስጥ እንቁራሪቶች ይጮሁ ነበር። በተለያየ ድምፅ፤ ጥልቅ የቆፈርኩት ወፍራም፣ የታከተኝ ጊዜ የቆፈርኩት ቀጭን።

ፎቶ አንሥቼ ለወንድሜ ላክሁለት። «እንዳልከኝ አዘጋጀሁት» ብዬ ጻፍኩበት፤ ምጸቱ እንዲገባው። ወዲያው ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ የማን ኩሬ ነው?»

«ሳሬ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ለክረምት አዘጋጀሁታ! ላጨሁት፣ ዩሪያ ሰጠሁት፣ በሳሁት።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከበስተጀርባው የሳር ማሽን ድምፅ ይሰማኛል፤ እዚያ ሐምሌ ፀሐይ ነው።

«ወንድም ጋሼ... እኔ እኮ ያልኩህ የኅዳሩን ክረምት ነው።»

«ኅዳር በየት አገር ነው ክረምት የሚሆነው?»

«በእኛ አገር!» አለ። ከዚያ ራሱም ያለው ነገር ተሰማውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ማለቴ ነው» አለኝ።

ተከራከርን። መዝገበ ቃላቱ ዊንተርን ክረምት ይለዋል፣ እኔ ምን ላድርግ አለኝ። እኔም መዝገበ ቃላቱ ሚኒሶታን አላየም አልኩት። ወንድሜ ግን የእኔ ወንድም ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። «አንተ ራስህ ዲግሪህን የያዝከው የክረምት ተማሪ ሆነህ አይደል? ያ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ሰመር ነው የሚባለው። በጋ ማለት ነው! ሦስት ወር በጭቃ ተመላልሰህ የተማርከውን ፈረንጁ በጋ ይለዋል። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነት ነው፤ ክረምት ስንል ፈረንጁ አንዴ ዊንተር፣ አንዴ ሰመር አድርጎ ተርጉሞልናል። ሠላሳ አምስት ዓመት ያን ቃል ሳስተምር አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ «የትኛው ክረምት?» አላለኝም። ቢለኝም ዝም በል እለው ነበር።

«ከእንግዲህ እንደ ሌላው ሰው ዊንተር በል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ዓይነት ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳሩን ተውኩት። ጣራውን ጠገንኩ፤ ፈሰሱን ቀደድኩ፤ ጫማዬን ፈልጌ አጣሁት። ነሐሴ 12 ማታ ግን በሬ ተንኳኳ። ቡሄ ነው። በዓሉ ደብረ ታቦር ተብሎ በከተማችን ስም ይጠራልና እኛ አካባቢ ልጆቹ ባለቤት ነን ብለው ነው የሚዞሩት። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ገቡና በረንዳው ጭቃ ስለሆነ የቆሙት የት መሰላችሁ? «አይረገጥም!» ልል አፌን ከፈትኩና ምኑ እንደማይረገጥ ስፈልግ አጣሁት። ሆያ ሆዬውን ጀመሩ። አውራጁ ያወርዳል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ በዱላቸው መሬቱን ይደልቃሉ። ባለቤቴ ሙልሙል ልታወጣ ገብታ ስትዘገይ እነሱም ዙሪያውን እየዞሩ ደጋገሙት። በማግስቱም ጅራፍ የሚያጮሁት መጥተው እዚያው አስጮኹት።

ጠዋት ወጥቼ ሳይ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር በዱላ ጫፍ ተበስቷል። ጥልቀቱ እኩል፣ ርቀቱ እኩል። የእኔ ድጅኖ በሁለት ቀን ያልጨረሰውን ሃያ ልጅ በግማሽ ሰዓት፣ ያውም እየዘፈነ። ለወንድሜ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት አስከፈሉህ?» ብሎ ነው። ማሽኑ በሰዓት ነው የሚከራየው።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። ዝናቡ ላላ፣ ፀሐይ ብቅ አለች፤ ያ በዩሪያ የነደደው፣ የተላጨው፣ በጎርፍ የታጠበው ሰርዶ ከየቀዳዳው ጫፉን አወጣ። ጳጉሜ ላይ መሬቱ አይታይም ነበር። ካለፈው ዓመት ይበልጥ ወፍሮ፣ ይበልጥ ጠቁሮ መጣ። ያቺን አህያ አሰብኳት። ዩሪያው እንደሆነ፣ ልጆቹ እንደሆኑ ወይስ እኔ ዞር ስላልኩለት እንደሆነ ባለቤቴን ጠየቅኋት። «ዞር ስላልክለት ነው» አለች ሳታስብ። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ማጭዷን ይዛ ወጣች፤ ከመሐሉ አንድ እቅፍ አጭዳ ሳሎኑን ጎዘጎዘችው፤ ከአደይ አበባ ጋር ቤቱ ሸተተ። እንግዶቹ ሁሉ ረገጡት። ስኒ ረከቦቱም ላዩ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ጥቅምት ነው። ሰማዩ አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም። ወንድሜ ደግሞ ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ ዊ... ዊንተር ሊገባ ነው» አለኝ፤ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ነው ከአፉ ያወጣው። አሳዘነኝ። «ክረምት በል፣ ግድ የለም» አልኩት። ስናወራ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኛም ጋ እኮ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጉና የሚወርድ ውርጭ አለ። ጠዋት ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። የእሱ ምክር ለካስ ለእኛም ይሠራል፤ ሰኔ ላይ ሳይሆን አሁን። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ ያንኑ የበግ መቀስ፣ ማስመሪያውንና ውሃ የነካውን ደብተር ይዤ ወጣሁና ተንበረከክሁ።

ባሻ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አወጡ።

«ዛሬስ ምን ጠፋብህ መምህር?»

«ምንም ባሻ። ሳሩን ለክረምት እያዘጋጀሁት ነው።»

ባሻ ወደ ሰማይ አዩ። ወደ ጉና አዩ። ከጉናው ማዶ ያለውን ሰማይም አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩና ተዉት፤ አማትበው ሄዱ። ረፋዱ ላይ የልጅ ልጃቸው በአምስት ሊትር ጀሪካን ጠበል ይዞ መጣ። ባለቤቴ ብርጭቆውን አጥባ፣ እስከ አፉ ሞልታ ከፊቴ አስቀመጠችና እጆቿን አጣጥፋ እስክጨርሰው ድረስ ቆመች።